«ገና ነው፣ አይምጡ» የሚለው ቢሮ፦ የአየርላንዶቹን የተመላሽ አገልግሎት ከጎንደር ሆኜ ሳየው

ስለ ስደት ከሰማሁት ምክር ሁሉ ምርጡን የሰማሁት ስልክ ላይ ነው። ምክሩም «ገና ነው፣ አይምጡ» የሚል ነበር። ለንደን፣ ኪልበርን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ቁጭ ብለን፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከወዲያ ያለችው ሴትዮ ሥራዋ ሰዎችን ወደ አየርላንድ መመለስ ነው። ደመወዟን የምታገኘው በዚሁ ነው። እሷ ግን አይምጡ ትላለች። ያን ቀን ግራ ገባኝ። የገባኝ አሁን ነው፣ እኔም ጎንደር ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ስይዝ።

ሰው ስለ ክትፎ ቤትና ስለ ስልክ ቀፎ ነጥብ እየሰጠ ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ አየርላንዶች ወደ አገሩ የሚመለሰውን ስደተኛቸውን ስለሚያማክሩበት ስለዚህ አገልግሎት ልጻፍ። ለንደን 14 ዓመት ኬረር ሆኜ ሠርቻለሁ። ኬረር ማለት አዛውንት የምታጥብ፣ የምታበላ፣ መድኃኒት የምትሰጥ፣ ከዚያ ካፖርቷን እየለበሰች ወደሚቀጥለው ቤት የምትሮጥ ሰው ናት። ከነዚያ ሁሉ ቤቶች ልቤ የቀረው የዚህ ሽማግሌ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። ጋሼ ነበር የምለው። ምን ማለት ነው ሲለኝ እንደ ታላቅ ወንድም የሚከበር ሰው ነው አልኩት፣ በቃ ከዚያ ወዲያ ሌሎቹንም ኬረሮች ጋሼ በሉኝ ይላቸው ጀመር። ናይጄሪያዊቷ «ጋሺ» ነበር የምትለው።

ጋሼ ማዮ ከሚባል የምዕራብ አየርላንድ አውራጃ በ1957 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በ17 ዓመቱ ወጣ። ሥራው ቁፋሮ ነበር፤ መንገድ፣ የውኃ ቦይ፣ ዋሻ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይቆማሉ፣ መኪና ይመጣል፣ ካቦው በጣቱ አንተ፣ አንተ፣ አንተ እያለ ይጭናል፣ የተረፈው ወደ ቤቱ። የቀን ሥራ የሚጠብቁትን የእኛን ልጆች በጠዋት ያየ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ክፍያው በእጅ ነው፤ ለታክስም ለጡረታም የማይቆረጥለት ብዙ ነበር። በጉልበት ዘመን ደስ ይላል። ሲያረጁ ግን ጡረታዋ ትንሽ ትሆናለች። የጋሼም እንደዚያ ነበረች።

እናቴ ነገሩን በስልክ ስነግራት «ነጭ ደግሞ ምን አጥቶ ይሰደዳል?» አለችኝ። አይፈረድባትም፤ እኛ ፈረንጅን የምናውቀው ካሜራ አንግቶ ፋሲል ግንብ በር ላይ ትኬት ሲቆርጥ ነው። አየርላንዶች ግን በስደት ከእኛ ቀድመው የተጠበሱ ናቸው። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታባቸው፤ የድሃው ምግብ እሱ ብቻ ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ደግሞ በመርከብ ወጣ። ከዚያም በኋላ መውጣቱ አልቆመም። በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400 ሺህ ሰው አገሩን ለቋል፣ አብዛኛው ወደ እንግሊዝ። እናቴ የድንቹን ታሪክ ስትሰማ ዝም አለች፤ ቆይታ «እንግዲህ የ77ቱን የመሰለ ነዋ» አለች። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ያ ሽማግሌ ደህና ነው?» ሳትለኝ ስልኩን አትዘጋም።

እሺ፣ ወደ አገልግሎቱ ልግባ። አንድ ቢሮ አይደለም። መንግሥት ገንዘቡን ይመድባል፤ ሥራውን የሚሠሩት ማኅበራት፣ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶችና የሰፈር ማዕከሎች ናቸው። በ1984 ዲዮን የሚባል ኮሚቴ ተቋቁሞ እንግሊዝ ላሉት የስደተኛ ማኅበራት ገንዘብ መስጠት ተጀመረ። ዲዮን በእነሱ ቋንቋ መጠለያ ማለት ነው። በ2002 ስለ ስደተኞቹ ኑሮ የሚያጠና ግብረ ኃይል ሪፖርቱን አወጣ፣ በ2004 ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ውስጥ ለዚሁ ብቻ የሚሠራ ክፍል ተከፈተ። አሁን በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይወጣበታል። የፕሮግራሙ ስም ራሱ «የስደተኞች ድጋፍ» ነው። እኛ ዘንድ ዳያስፖራ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ምንዛሬው ነው፤ ሰውዬው ታመመ፣ አረጀ፣ ብቻውን ቀረ የሚለው ኋላ ነው፣ እሱም ከታሰበ። እነሱም ገንዘቡን አይጠሉትም፣ አልዋሽም፤ ግን ይሄኛው ፕሮግራም የሚነሳው ከተቸገረው ነው።

ካምደን የሚባለው ሰፈር ያለው የለንደን አይሪሽ ማዕከል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ጋሼን ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። ምሳውን በላ፣ ዘፈን ሰማ፣ ከአንዱ ሽማግሌ ጋር በኳስ ተጨቃጨቀ። የማዮ ቡድን የአገሩን ዋንጫ ከ1951 ወዲህ በልቶ አያውቅም፤ ይሄን ለማዮ ሰው ማንሳት ቁስል መንካት ነው። ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እያጉረመረመ ነበር፣ ፊቱ ግን ከወር በፊት ከነበረው ሌላ ነው።

እዚያ ነው ስለ መመለስ የሚያማክሩ ሰዎች እንዳሉ የሰማነው። በዚህ በኩል ስሙ የሚነሳው ሴፍ ሆም ነው። በ2000 ማልራኒ በምትባል የማዮ መንደር ነው የተጀመረው፣ ያስጀመረውም የመንደሩ ሐኪም ነው። አዛውንት ስደተኞች ወዳደጉበት አካባቢ እንዲመለሱ ቤት ያፈላልግላቸዋል፤ አሁን ለሌላውም ተመላሽ ያማክራል። የበጎ አድራጎት የቤት ማኅበራት ለአዛውንት ከሚሠሯቸው አዳዲስ ቤቶች እስከ 25 በመቶው ለተመላሽ ስደተኛ እንዲሰጥ መንግሥት ፈቅዷል። ደብሊን ውስጥ ደግሞ ክሮስኬር አለ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድርጅት ነው፤ የሚሄደውንም፣ እዚያ ያለውንም፣ የሚመለሰውንም በነፃ ያማክራል።

ወደ ስልኩ ልመልሳችሁ። ሴትዮዋ ስለ ቤት አንድ ቃል ሳታነሳ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች። ወንድምዎ በሕይወት አሉ? ቤቱ ማን ስም ላይ ነው? ደረጃ ይወጣሉ? መኪና ይነዳሉ? ሲያምዎ ማን ይወስድዎታል? ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው? ጋሼ ለእህቱ ቀብር ነበር አላት፣ ከ19 ዓመት በፊት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ያቺን ነገር ተናገረች። ገና ነው፣ አይምጡ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ሄደው ይዩት፤ በበጋ ሳይሆን በጃንዋሪ፣ ዝናቡና ጨለማው እያለ። ተከራይተው የሚኖሩበትን የለንደኑን ቤት ደግሞ የወዲያኛው ውል ተፈርሞ እጅዎ ሳይገባ እንዳይለቁ።

ጋሼ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። «ቤቴ ልግባ እንጂ ዘመቻ ልሂድ አልኳት?» አለ። ሁለት ቀን አኮረፈ፣ እኔንም ጭምር፤ ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኛ።

ግን ሄደ። በጃንዋሪ። ሲመለስ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እንዳልጠርገው ከለከለኝ። የወንድሙ ቤት ተሽጧል። መጠጥ ቤት ገብቶ ስሙን ሲናገር «የማን ልጅ?» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። እኔ በቃ ተወው ብዬ ሳስብ «እሄዳለሁ፣ አሁን የት እንደምሄድ አውቄያለሁ» አለኝ።

የዚህን አገልግሎት ዋጋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ለ60 ዓመት አገሬ አገሬ ሲል የኖረው ለሌለ አገር ሊሆን ይችላል። በ17 ዓመቱ የተወው መንደር የለም። ይሄን ቀድሞ የሚነግረው ዘመድ አይደለም፤ ዘመድ ና ነው የሚለው። ጓደኛም አይደለም። ከእሱ መምጣትም ሆነ መቅረት ምንም የማይቀርባት የማያውቃት ሴት ናት የነገረችው።

አሁን ደግሞ ያናደደኝን። ወረቀቱ! ከ2004 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ አንዳንድ የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት ዋና መኖሪያህ እዚያ መሆኑን ማሳየት ግድ ነው። ዜጋ መሆን ብቻውን አይበቃም። እዚያው ተወልደህ፣ እዚያው ተጠምቀህ፣ አባትህ እዚያው ተቀብሮ፣ ለመኖር የመጣህ ለመሆንህ ማስረጃ አምጣ ትባላለህ። የት ስንት ጊዜ ኖርክ፣ ለምን ሄድክ፣ ሥራህ የት ነው፣ ኑሮህ ወዴት ያደላል፣ ወደፊትስ ምን አሰብክ፣ አምስቱም ይታያል። ስለዚህ የለንደኑን ቤት የለቀቁበት ደብዳቤ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ደረሰኝ፣ የተዘጋ የባንክ ሂሳብ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል። መካሪዋ እያንዳንዱን ወረቀት ስለነገረችን ጋሼ ብዙ አልተንገላታም። ሳይጠይቅ የሄደ አንድ ጓደኛው ግን ወራት ፈጀበት። እኔ ሕጉን አልወደድኩትም፤ ለማስጠንቀቁ ግን አመሰግናለሁ። ጥሩው ነገር፣ የእንግሊዝ ጡረታ አየርላንድ ድረስ ይከተላል፤ 66 ዓመት ለሞላው ነዋሪ ደግሞ አውቶቡሱም ባቡሩም በነፃ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጥበቃው ነው። ጋሼ ቤት እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ጠበቀ። ጥፋቱ የመካሪዎቹ አይደለም፤ አገሩ ውስጥ ቤት ጠፍቷል፣ እዚያው የሚኖሩት ወጣቶችም የሚከራዩት አጥተው ያለቅሳሉ። ግን ለ76 ዓመት ሰው ሁለት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። በየጠዋቱ ስገባ ሰላም ከማለቱ በፊት «ደብዳቤ አለ?» ይለኛል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሙሉ ልብስ ነበረው፣ ለመመለሻ ብሎ የገዛው። ደብዳቤው መጥቶ ልብሱን ሲለብሰው ሰፋው፤ ሰውዬው በጥበቃው ዘመን ከስቷል። ሱሪውን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩለት። ኮቱን እንዳታወልቅ፣ ይታይብሃል አልኩት። እሱም በበጋ እያላበው ኮቱን ሳያወልቅ ሄደ።

ስለ ወጣቶቹ ብዙ አልልም፣ ራሴ አላየሁም። የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ መንጃ ፈቃድ። የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ይቀየርልሃል፣ ከአሜሪካ የመጣው ግን እንደ አዲስ ተማሪ ይጀምራል። ከእኛ ሰው አየርላንዳዊ ያገባ ወይም ያገባች ካለ፣ የዜጋው ፓስፖርት ለሁለታችሁ አይሠራም፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ነገር ሻንጣ ሳትዘጉ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ሬሳ ስለማምጣት። የእኛ ሰው ውጭ አገር ሲሞት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ስልክ ይደዋወላል፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ገንዘብ ይዋጣል፣ አስከሬኑ ሳምንታት ይጠብቃል። በ2013 ኬቨን ቤል የሚባል የ26 ዓመት ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ከሰሜን አየርላንድ፣ ከኒውሪ ነው። ሰው ሁሉ ተረባርቦ ሬሳውን ለማምጣት ገንዘብ አዋጣ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ተረፈ። ቤተሰቡ የተረፈውን ለሌላ ሰው ሬሳ አዋለው፣ ቀጥሎም ለሌላው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በስሙ ድርጅት ሆነ። ዛሬ የአየርላንድ ሰው ውጭ አገር በድንገት ሲሞትበት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚደውለው ወደ እነሱ ነው። እድር ማለት እኮ ነው፣ ጥሩንባው ብቻ የለውም! የታሰረውም አልተረሳም። የአየርላንድ ካቶሊክ ጳጳሳት በ1985 ውጭ አገር ለታሰሩ ዜጎች ብቻ የሚሠራ ድርጅት አቁመዋል። ጥፋተኛ ነህ አይደለህም አይልም፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቤተሰብ ያገናኛል። ይሄን ሳነብ አረብ አገር እስር ቤት ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

እኔ ስመለስስ? እኔን ምንም የጠየቀኝ የለም። ዕቃዬን በመርከብ ልልክ ምን ከቀረጥ ነፃ ይገባል ብዬ ሦስት ቦታ ደውዬ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንደኛው ቢሮ (ስሙ ይቆየን) «አንቺ ነይ እንጂ እዚህ እናወራለን» አለኝ። መጣሁ፣ አወራን፣ ፍሪጄን የገዛሁበትን ያህል ከፈልኩበት። አዘዞ አየር ማረፊያ 20 ዘመድ ጠበቀኝ። እልልታ፣ አበባ፣ አንድ ሚኒባስና ሁለት ባጃጅ። በግ ታረደ። ሁለት ሳምንት ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ተጀመረ። መጥቻለሁ እኮ ስል «አይ፣ ማለቴ ወደ ሥራሽ» ይሉኛል። ብሬ እንደሚያልቅ፣ ዘመድ ብድር እንደሚጠይቅ፣ ለንደን እያለሁ ጎንደር ጎንደር ስል እንደኖርኩት እዚህ ደግሞ አውቶቡስ ቁጥር 16 እንደሚናፍቀኝ ማንም አልነገረኝም።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ከጅዳ መጣች። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኗል፣ ቤቱ ግን በወንድሟ ስም ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ «እትዬ፣ እዚያ እያለሁ በስምሽ አስቀምጪው የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ» አለችኝ። አይገርማችሁም? የሚያስፈልጋት የነበረው ሚሊዮን ዩሮ አይደለም። አንድ ስልክ ነው።

ማነጻጸሩ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጋሼ ፈልጎ ነው የተመለሰው፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ተጠርዞ ነው። በ2013 እና 2014 ሳውዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስታባርር ማን ማንን ያማክራል? አውሮፕላን ማውረዱ ራሱ ተአምር ነበር። ግን ሁሉም አይደለም የሚጠረዘው። ውሏን ጨርሳ የምትመጣ አለች፣ አርጅቶ የሚመጣ አለ፣ እንደ እኔ ሰልችቶት የሚመጣ አለ። ለእነዚህ አንድ እድር፣ አንድ ሰንበቴ፣ አንድ ደህና ስልክና ደብተር የያዘች ሴት መመደብ አያቅተውም። ከንግግር እንዳይሆን ብዬ እኔም ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን የደወሉልኝ አሥራ አንድ ናቸው። ለአራቱ አትምጡ ብያለሁ። አንዷ ተቆጥታ ዘጋችብኝ፣ ደስ አለኝ።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ለምክሩ ከ10 ዘጠኝ እሰጣለሁ። ለሬሳውና ለእስረኛው አሥር። ለወረቀቱ አምስት፣ ለቤቱ ጥበቃ አራት፣ እሱም ቤቱ መጨረሻ ላይ ጥሩ ስለነበር ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ሐኪሙ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እንዲያውም መብራት አኑሮበት ነበር። ሜሪ ሮቢንሰን በ1990 ፕሬዚዳንት ስትሆን በቤተ መንግሥቱ መስኮት ላይ አገር ጥለው ለወጡት ሁሉ የሚበራ መብራት አስቀምጣለች፤ ጋሼ ያን ጊዜ ለንደን በጋዜጣ አይቶ ቆርጦ ይዞታል። «አሁን ተራው የኔ ነው» አለኝ በቪዲዮ፣ አምፖሉን እያሳየኝ።

አየርላንድ ውስጥ የአካባቢው ሬዲዮ በየቀኑ የሞቱ ሰዎችን ስም ያነባል። ከየት መንደር እንደሆኑ፣ የት እንደሚቀበሩ። ጋሼ ለንደን ሆኖ በኔ ስልክ ነበር የሚሰማው፣ ቁርሱ ሳይቀርብ፤ የእኛ ሰው የእድር ጥሩንባ ሲሰማ ቆም ብሎ ማን ነው እንደሚለው። እዚህ ከመጣሁ በኋላም ልማድ ሆኖብኝ አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ባለፈው ክረምት የወንድሙ ልጅ ጋሼ መሞቱን ጻፈችልኝ። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን ከፍቼ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። ሦስት ሰው አልፎ ስሙ ተጠራ። የመንደሩ ስም ተጠራ። «ቀድሞ የለንደን፣ ኪልበርን ነዋሪ» አለች አንባቢዋ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። የቀብሩን ሰዓት ሳልሰማ ቀረሁ።